ሽማግሌ ይዤ ትምህርት ቤት የሄድኩ ዕለት

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ለጧፍ የሚሆን ፈትል ስቆርጥ፣ የጎረቤቴ ምራት ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። ይቺ ልጅ ሌላ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ እየጮኸች ነው የምትጠራኝ። በበሩ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትገባ ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ልጇ አቤል ቀሚሷን ይዞ ተከትሏታል። አቤል ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እስካሁን ግን አፉን አልፈታም።

«እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው» አለች ሳትቀመጥ። «በአቤል ጉዳይ ሰኞ ወላጅ ይምጣ ብለውኛል። ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ነው። ሁለት አባቶች እሺ ብለውኛል፤ ሦስተኛ እርስዎ ይቁሙልኝ። አሁን እኮ እናቶችም ይቆማሉ።»

ፈትሉ ከእጄ ወደቀ። ያስደነገጠኝ ልመናዋ አይደለም። ይህንኑ ቃል እኔ ራሴ፣ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ተናግሬው ነበር። ስንት ዓመት አልፎ፣ ሰው ሁሉ ስልክ በእጁ ይዞ፣ ትምህርት ቤት የተጠራች እናት ዛሬም የምትሮጠው ወደ ሽማግሌ ነው? ደንግጬም ተናድጄም፣ ትንሽም ሳቄ መጣ። «መጀመሪያ ቁጭ በይ» አልኳት። «ሰኞ ሳይደርስ የማጫውትሽ ነገር አለኝ።»

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የተወለድኩት ገነተ ማርያም አጠገብ ካለች መንደር ነው፤ ሞላን አግብቼ ላሊበላ ገባሁ። ሞላ ግንበኛ ስለሆነ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል፤ ያን ዓመት ሙጃ ወርዶ የሰው ቤት እየሠራ ነበር። ልጃችን እናኑ ናት፤ የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም እሷው ናት። ስትወለድ አላለቀሰችም። ዳዴ ያለችው እኩዮቿ ሲሮጡ ነው። አፏን ስትፈታም «እማ» እና «እንቢ» ከማለት ብዙ አላለፈችም። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወስጄ ከዋሻው ጣሪያ እየተንጠባጠበ የሚጠራቀመውን ጠበል አጠጥቻታለሁ። ሐኪም ዘንድም ወስጃታለሁ፤ ሐኪሙ «አእምሮዋ የሚያድገው ዝግ ብሎ ነው፤ ለዚህ መድኃኒት የለንም» ብሎ ሸኘኝ።

ደግነቱ ሰው አልጠላብኝም። ሰፈርተኛው «የእግዜር እንግዳ» ነው የሚላት። ቄሶቹ ሌላውን ልጅ ገለል አድርገው መስቀሉን አስቀድመው ለእሷ ያሳልማሉ። ቆሎ የያዘ ሁሉ ይዘግንላታል። እንግዳ ሰው መጥቶ ስሟን ሲጠይቃት እኔ ካለሁ እኔ፣ እኔ ከሌለሁ አጠገቧ ያለው ሰው «እናኑ ነው ስሟ» ይልላታል። ይህን ሁሉ እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር፤ ጸጋም ነበር።

ትምህርት ቤት ያስገባናት ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው። መምህሩ በሩ አጠገብ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጧት። ጠዋት አጥቤ፣ ፀጉሯን ቅባት ቀብቼ እሰዳታለሁ፤ ንጹሕ እንደሆነች ትመለሳለች። ደብተሯም እንደሷው ንጹሕ ነበር። ይህንንም የጨዋነቷ ምልክት አድርጌ ለጎረቤት አሳይ ነበር እኮ! አንደኛ ክፍልን አለፈች። ሁለተኛ ክፍልን ስታልፍ ሞላ በግ አረደ።

ሦስተኛ ክፍል በገባች ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አብራት የምትማር የሰፈራችን ልጅ እየሮጠች መጥታ «እትዬ አስካለ፣ መምህርት ፅጌ በእናኑ ጉዳይ ሐሙስ ወላጅ ይምጣ ብላለች» አለችኝ። በእኛ አገር ወላጅ በደህና ተጠርቶ አያውቅም። ወላጅ ይምጣ ከተባለ ልጁ ወይ መስታወት ሰብሯል፣ ወይ ሰው ፈንክቷል፣ ወይ ሊባረር ነው። እናኑ ደግሞ መስታወት አትሰብርም፤ ሰውም አትፈነክትም። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ፅጌ የተባለችው መምህርት በዚያ ዓመት ከደሴ የመጣች አዲስ ናት። እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ተምራ ነው የመጣችው ይባላል፤ የመንደሩ ወሬ ግን ቶሎ ገልብጦት «እንዲህ ያሉትን ልጆች ለይታ የምታወጣ ናት» ብሎ አስወርቶባታል።

ሙጃ በሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ለሞላ ላኩበት። በማግስቱ በዚያው መኪና መልሱ መጣ፦ «ሥራ ጥዬ መምጣት አልችልም። ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ።» እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ገነተ ማርያም ድረስ በእግሬ ወርጄ አጎቴን አባባ ዋጋውን ለመንኳቸው። ገብሱ ደርሶ ሳለ አጨዳቸውን ትተው እሺ አሉኝ። የንስሐ አባታችን አባ ኪዳኔም አላንገራገሩም። ሦስተኛው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከአስፋልት ዳር ከተማ መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ፣ በጨዋታ አዋቂነታቸው እስላሙም ክርስቲያኑም ለዕርቅ የሚጠራቸው ሰው ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረብኩላቸው። እኔ ውሃ ብቻ ጠጣሁ። ጋሽ ሰይድ አዩኝና «አብሽሪ! እኛ ቆመን እንቢ ያለን የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው እንደ እንግዳ ዘው ብሎ አይቀመጥም። በር ላይ ይቆማል፤ ተቀመጡ ሲባል የመጣሁበትን እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም ይላል። ሽበት ያለውን ሰው አቁሞ ማዋል ደግሞ ነውር ነው፤ ባለቤቱ ወዶም ሳይወድ እሺ ይላል። ልጃገረድ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ ደም የሚደርቀውም እንዲህ ነው። ታዲያ አንዴ እሺ ከተባለና ከተመረቀ በኋላ ነገሩን የሚያፈርስ ሰው ሽማግሌዎቹን አዋረደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነገ ቢጣላ አስታራቂ አያገኝም፤ ልጁን ቢድርም ቆሞ የሚጠይቅለት አይኖርም።

ዳገቱን ወጥተን ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ነፋሱ የቢሮውን ቆርቆሮ ያንኳኳው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሙጃ ተወልዶ ያደገ፣ ሰው አክባሪ፣ ገና ወንደላጤ የሆነ ሰው ነው። ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ተደርድሮ ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ በማርያም፣ ግቡ አባቶቼ! ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው። «የመጣንበትን እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም።»

ጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠችው መምህርት ፅጌ ፊቷ ቀላ። በኋላ ስንወዳጅ እንደነገረችኝ፣ ለአንድ ዘመዳቸው እሷን ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የፈራው እህቱን ይሁን ሌላ እንጃ፣ ላብ ላብ ብሎት «ምንድነው ጉዳዩ?» አለ።

አባ ኪዳኔ መስቀላቸውን ከደረታቸው ሥር አወጡ። «ጉዳዩ የዚች የአስካለ ልጅ ናት። ደካማ ናት፤ ክፉ አታውቅም። ከእኩዮቿ አትለዩብን። ጥያቄ አትጠይቋት፣ ፈተና አታስቀምጧት፣ አታስጨንቋት። እንደተቀመጠች ትቀመጥ። ይህን ማሩን።»

«ሚስኪን ናት፣ ወላሂ!» ጋሽ ሰይድ ተቀበሉ። «ዝንብ እሽ አትልም። እንዲሁ አሳልፏት፣ አላህ ይወድላችኋል።»

ርዕሰ መምህሩ እፎይ አለ። «ለዚህ ነው እንዴ የቆማችሁት? እሺ አባቶቼ! ማን ያባርራታል? አንጠይቃትም፣ አንፈትናትም። ስምንተኛ እስክትደርስ በየዓመቱ ታልፋለች። ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባ ኪዳኔ መረቁ፤ አሜን አልን። እኔ ተንደርድሬ የአጎቴን ጉልበት ሳምኩ፤ ዕንባዬ መጣ። በዚያች ሰዓት በላሊበላ ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ካለ ይቅረብ። ቀና ስል ግን መምህርት ፅጌን አየኋት። አሜን አላለችም። ፊቷ የነበረውን ወረቀት ዝም ብላ እያጠፈች ነበር።

«ምነው እመቤቴ፣ ቅር አለዎ?» አልኳት።

«ቅር ቢለኝ ምን አደርጋለሁ? አባቶች ተናግረዋል» አለች። ከዚያ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገች «እኔ የጠራሁዎ ላስወጣት አልነበረም። ልናስተምራት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ስትቀመጥ።»

ይህን አንድ ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ስድብ አልነበረም፤ ጮክ ብላም አልተናገረችውም። የሚያስደነግጠው እውነት መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠብኩት ፊት፣ የቀባሁት ፀጉር፣ ያ ንጹሕ ደብተር፣ ያረድነው በግ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ርዕሰ መምህሩን አየሁት፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው «ኧረ ተምራለች» አላለም።

«ያ ወረቀት ምንድነው?» አልኳት።

ፅጌ አባቶቹን አየት አደረገችና ወረቀቱን ዘረጋችው። ለእናኑ ብቻ የሚሆን ዕቅድ ነው አለች። ክፍሉ የሚማረውን ሁሉ ሳይሆን፣ እሷ ዛሬ ከምትችለው ተነሥቶ ቀጥሎ የምትችለውን የሚያስቀምጥ ነው። እስከ ገና ይህን፣ እስከ ፋሲካ ይህን፣ እስከ ሰኔ ይህን ተብሎ ይጻፋል፤ ማን እንደሚያስተምራት፣ በምን እንደሚያስተምራት፣ ቤት ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግም ይጻፋል። በየጊዜው ተገናኝተን እናየዋለን፤ ያልሆነውን እንለውጣለን። ይህን ደግሞ አስተማሪ ብቻውን ሊጽፈው አይችልም፤ ልጅቷን ከሁሉ በላይ የምታውቀው እናቷ ናት። ለዚህ ነው ወላጅ ይምጣ ያልኩት አለች።

ከዚያ ግራ ያጋባኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እርስዎ ምን እንድትችልልዎ ይፈልጋሉ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ስንት ዓመቷ ነው አለኝ እንጂ ምን ትፈልጊያለሽ አላለኝም። ቄሱም፣ ጎረቤቱም፣ ባሌም አላሉኝም። አጎቴን አየሁ፤ አባ ኪዳኔን አየሁ፤ የሚመልስልኝ ጠፋ። በመጨረሻ «እንዳትቸገርብኝ» አልኩ።

«ደግ። ግን ሰኔ ሲመጣ ምን ስታደርግ ቢያዩዋት፣ አልተቸገረችም ይላሉ?»

ፅጌ አላስጨነቀችኝም፤ ወጣ ብላ እናኑን ይዛት መጣች። ልጄ እኔን ስታይ ሳቀችና ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፅጌ ፊቷ በርከክ ብላ «ስምሽ ማነው?» አለቻት።

«እናኑ ናት» አሉ አባ ኪዳኔ። «እናኑ» አልኩ እኔም። ጋሽ ሰይድም ከኋላ «እናኑ ነው፣ የሞላ ልጅ» ብለው ጨመሩ። ሦስታችንም እኩል ነው ያልነው፤ እንደ መዝሙር።

«ይቅርታ አባቶቼ» አለች ፅጌ እጇን ከፍ አድርጋ። «አሁን ደግሜ እጠይቃታለሁ። እንቆያት።» እንደገናም «ስምሽ ማነው?» አለቻት።

ዝም ሆነ። ከዚያ በፊት ዝምታ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከጎን ካለው ክፍል የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ የጋሽ ሰይድ መቁጠሪያ ጠቅ ጠቅ ይላል። እናኑ የፅጌን አፍ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስና ይተዋል። እኔ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ፤ ሊያመልጠኝ ነው። አጎቴ አላስቻላቸውምና አፋቸውን ሲከፍቱ አባ ኪዳኔ በክርናቸው ጎሰሟቸው። ልጄን ከዚህ ጭንቅ አውጧት ብዬ ልጮኽ ስል፣

«እናኑ» አለች ልጄ። ትንሽ አረፈች። «ሞላ።»

ወገኖቼ፣ ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ደስታው የመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ያን ሰዓት የያዘኝ ድንጋጤ ነው። የወለድኳት፣ በጀርባዬ ያሳደግኳት ልጅ ስሟን ከነአባቷ ታውቀዋለች! ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው? እኛ ቀድመን ባንመልስላት ኖሮ ሌላ ምን ትለን ነበር? የማላውቃት ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የምታየኝ መሰለኝ። አጎቴ አማተቡ። ጋሽ ሰይድ «ያረቢ!» ብለው ቀሩ።

«አላስተማርኳትም» አለች ፅጌ። «ያደረግኩት ጠይቆ መቆየት ብቻ ነው፤ በየቀኑ። ቀጥሎ በስሟ ያሉትን ፊደላት ልጀምርላት ነበር። አሁን ግን…» ብላ ርዕሰ መምህሩን አየችው። «አንጠይቃትም ብለን ቃል ገብተናል።»

ርዕሰ መምህሩ አንገቱን አከከ። «በሽማግሌ ፊት የሰጠሁት ቃል ነው። እኔ ማነኝና አፈርሰዋለሁ?»

«ተመርቋል» አሉ አጎቴ። «ያለቀ ነገር ነው። ልጂቱም አትጨነቅ፤ አሁን እንኳ ስንት አማጠች! ተነሡ እንሂድ።»

ሊነሡ ነው። እኔ ቀድሜ ተነሣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። አስቤ ያደረግኩት ነገር አይደለም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

«ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እንጂ!» አሉ አጎቴ።

«አልቀመጥም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «የምላችሁን እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም።»

ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ ሽማግሌ እንዲያ ሲደነግጥ ግን ከዚያ ወዲህም አላየሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት፣ ራሷ ለምና ባመጣቻቸው ሽማግሌዎች ፊት ሽማግሌ ሆና ቆመች! አጎቴ ዱላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «አዋረድሽን!» አሉኝ። «አጨዳዬን ጥዬ መጥቼ፣ እሺ አስብዬልሽ፣ አሁን በሰው ፊት ታፈርሽዋለሽ? ነገ ማን ይቆምልሻል?» እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልተቀመጥኩም። እናኑ ነገሩ ባይገባትም እኔ የማደርገውን ማድረግ ትወዳለችና ከወንበሯ ወርዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

አባ ኪዳኔ እኔንም እሷንም አዩን። «ምንድነው የምትለምኚን?» አሉኝ።

«እንድትጠየቅልኝ ነው አባ። እንድትፈተንልኝ። ብትሳሳትም ትሳሳት፤ መውደቅ ካለባትም ትውደቅ።»

«ልጄ ትውደቅልኝ ብለሽ ነው የቆምሽው?»

«አዎ አባ። እንዲሁ አታሳልፏት።»

አባ ኪዳኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ልመና ቆሜም ቁጭ ብዬም ሰምቼ አላውቅም» አሉና ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «የመረቅኩት እኔ ነኝ፤ የምፈታህም እኔ ነኝ። ልጅቷ ትጠየቅ። ነይ ተቀመጪ አስካለ።» ጋሽ ሰይድም «እሺ በሏት፣ የቆመ ሰው አይተውም» እያሉ የአጎቴን ትከሻ ነካ ነካ አደረጉ። አጎቴ ግን እሺም እንቢም አላሉ። ኩታቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ። እስከሚቀጥለው ጥምቀት ቤቴን አልረገጡም፤ ይህ ነገር እስኪመጡ ድረስ አንጀቴን ሲበላኝ ከርሟል።

ከዚያ በኋላ ያ ስብሰባ ምን ያህል እንደቆየ አላስታውስም። ፅጌ እየጠየቀችኝ ስለ እናኑ ያልነገርኳት ነገር የለም፤ በየትኛው እጇ እንደምትበላ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ሰው ሲቸኩልባት እንዴት ጆሮዋን እንደምትይዝ። ለካ ይህ ሁሉ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው! ሰኔ ላይ ምን ስታደርግ ማየት እንደምፈልግም ያን ጊዜ ታወቀኝ፤ ሰው ሳይዛት ከትምህርት ቤት ቤቷ እንድትመጣ። ፅጌ ጻፈችው። የእኔንም ሥራ ጻፈች፤ ለልጄ የተጠየቀውን እንዳልመልስ። ቀላል መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ከድንጋይ ሸክም ይከብዳል።

አባ ኪዳኔ ጽሑፉን ከላይ እያዩ «ለእኔስ ምንም አልተጻፈልኝም?» አሉ። ፅጌ ሳቀችና «እርስዎ ምን ሊያደርጉላት ይችላሉ?» ብትላቸው፣ «መስቀሉን ከማሳለሜ በፊት ስሟን እጠይቃታለሁ። እቆያታለሁም» አሉ። ጋሽ ሰይድም አልቀረላቸውም፤ ክብሪት ልትገዛ ስትመጣ ምን እንደምትፈልግ ራሷ እስክትናገር ድረስ ዕቃ ላያነሡ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰለፈበት እሑድ አባ ኪዳኔ መስቀሉን ደረታቸው ላይ አድርገው «ስምሽ ማነው?» ብለው ሲቆሙ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሲያጉረመርም፣ እሳቸው ንቅንቅ ሳይሉ ትዝ ይለኛል። የጋሽ ሰይድ ሱቅም ገበያተኛ ሲቆጣ ሰምቻለሁ። «ቆይ፣ ደምበኛ እያስተናገድኩ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ሁሉም ነገር እንደተጻፈው አልሆነም። ስሟን እስከ ፋሲካ ትጽፋለች ተብሎ ነበር፤ በማግስቱ ዓመትም አልጻፈችም። ቀየርነው፤ እንደገና ቀየርነው። ፅጌ ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ አልቅሼ ሸኘኋት። ተተኪው ዕቅድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበርና ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ቁጭ ብዬ። ፈተናም ወድቃለች። የወደቀች ዕለት ሞላ ሲቆጣ እኔ ዝም ብዬ ወረቀቱን አየሁት፤ በልጄ እጅ የተጫረ፣ የተሳሳተ፣ በቀይ የተሰመረበት ወረቀት ነው። ያን ንጹሕ ደብተር አስታወስኩና ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። የሰኔው ግን የሆነው በሰኔው ነው። ዝናብ አርግዞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ እናኑ ቁልቁለቱን ብቻዋን መጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካባት።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ ስተርክላት እናኑ ከጓዳ ሰም የነካው እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። አሁን ትልቅ ሴት ናት። ጧፉን የምትጠቀልለው እሷ ናት፤ እኔ ፈትል ቆራጭ ብቻ ነኝ። ለበዓል ምእመናኑ ሲመጡ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ትሸጣለች። ቸኩሎ የሚናገራትን ሰው ዝም ብላ ታየዋለች፤ እስኪረጋጋ ድረስ።

ትርንጎ ዕንባዋ ሞልቶ «እኔኮ ሊያባርሩት ነው ብዬ…» አለች።

«ሊያባርሩትም ይሆናል፤ እንጃ» አልኳት። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ላጽናናት አልፈለግሁም። «እንዲያ ካሉሽ አብረን እንጮኻለን። ግን ሳትጠይቂያቸው ማሩኝ አትበይ። ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሽማግሌ ሆኜ አይደለም። ገብተን ወንበር ስበን ቁጭ እንላለን። መጀመሪያ ምን ልታስተምሩልኝ አስባችኋል በያቸው። እነሱም ይጠይቁሻል፤ ምን ይችላል ይሉሻል።»

«ምንም አይችልም እኮ፣ እትዬ!»

እናኑ ይህን ስትሰማ አቤል ፊት ቁጭ አለች። አንድ ትንሽ ጧፍ አሳየችውና «ስምህ ማነው?» አለችው።

«አቤል ነው፣ እናኑዬ…» ስትል ትርንጎ፣

«ቆዪ» አለቻት እናኑ እጇን ከፍ አድርጋ። «እሱ ይበል።»

ቆየን። ትርንጎ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋች። እኔም ብሆን አልለመድኩትም፤ ዛሬም ምላሴን እነክሳለሁ። ልጁ እናኑን አየ፣ ጧፉን አየ፣ እናቱን አየ። ስሙን አልተናገረም። እጁን ዘረጋና «ስጪኝ» አለ።

ትርንጎ ፊቷ አመድ መሰለ። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ልጇን እንደማታውቀው ሰው ታየው ጀመር። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ደስታው እስኪደርስ ጥቂት ቀን ይፈጅበታል።

«በይ እንግዲህ» አልኳት። «ሰኞ ይህን ትነግሪያቸዋለሽ። ቁጭ ብለሽ።»